ውጤት አልደገም ሲላችሁ፦ ከእማማ ቱ የተማርኩት

ጀግናሽ ማን ናት ስባል ብዙ ሰው ማሪ ኩሪን እንድጠራ ይጠብቃል። ማሪ ኩሪ እንከን አይወጣላትም። የእኔ ግን ሌላ ናቸው። መነጽር ያደረጉ፣ ፀጉራቸውን አጠር አድርገው የተቆረጡ፣ ገበያ ውስጥ አጠገባችሁ ቆመው ሽንኩርት ቢመርጡ ዞር ብላችሁ የማታዩዋቸው ቻይናዊት አዛውንት ናቸው። ስማቸው ቱ ዮዮ ይባላል። እኔ በልቤ እማማ ቱ ነው የምላቸው። የ2015 የሕክምና ኖቤል ተሸላሚ ናቸው። ኮአርተም ውጦ ከወባ የዳነ ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የእሳቸው ባለዕዳ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደናገሩ።)

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው በባህል መድኃኒት ወይም በሌላ ነገር ላይ የላብራቶሪ ጥናት ጀምሮ፣ ውጤቱ አንዴ ሲወጣ አንዴ ሲጠፋበት፣ አማካሪው ፊት መቅረብ የፈራ ተማሪ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ውስጥ ተቀምጦ፣ «ምርምር የእኔ ቢጤ ሰው ሥራ አይደለም» ብሎ የደመደመ ነው። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

አርባ ምንጭ ነው ያደግኩት። እዚያ ልጅ አተኮሰው ሲባል ማንም አይደነግጥም፣ «ወባ ነዋ» ይባላል። ስንቴ እንደያዘኝ ቆጥሬ አላውቅም። ክሎሮኪን ሲሰጡኝ መራራነቱ ሳያንስ ሌሊቱን ሙሉ ሰውነቴን ስፎክት አድራለሁ፤ ያሳከከው ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ለፋልሲፓረም፣ ለገዳዩ የወባ ዓይነት፣ ፋንሲዳር የሚባል መድኃኒት መጣ፣ እሱም እየደከመ ሄደ። በ2004 ሀገራችን ለፋልሲፓረም ወባ ኮአርተምን የመጀመሪያ ምርጫ አደረገች። ለእኛ ቤት ለውጡ በዓይን የሚታይ ነበር። ዛሬ ስትንቀጠቀጥ ያየሃት እህትህ ከነገ ወዲያ ገመድ ስትዘል ታያለህ።

ኮአርተም ውስጥ ያሉት ሁለት መድኃኒቶች አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ናቸው። አርቴሜተር የሚሠራው ከአርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒን ደግሞ ቻይናዎቹ ቺንግሃው ከሚሉት፣ ጠንከር ያለ ሽታ ካለው ተክል ቅጠል ይወጣል። ለሽታው ብለን ገበያ የምንገዛው አሪቲ የዚህ ተክል የሥጋ ዘመድ ነው። አፍልታችሁ እንዳትጠጡት ብቻ፣ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ፋርማሲ ተምሬ ጥቂት ከሠራሁ በኋላ ማስተርስ ገባሁ። ርዕሴ ለወባ የሚሰጥ አንድ የባህል መድኃኒት ነበር። የተክሉን ስም አልጠራም፤ ነገ አንዱ ቀቅሎ ሲጠጣ እንዳይገኝ። አሠራሩ የታወቀ ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል። ከዚያ ማሟሚያው በሮታሪ ኢቫፖሬተር ይተናል። የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ክሩድ ኤክስትራክት ይባላል። የአይጥ ወባ ላስያዝናቸው አይጦች ለአራት ቀን ይሰጣል። በማግስቱ ከጅራታቸው ጫፍ ደም ተወስዶ ስላይድ ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ይቀለማል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ፓራሳይት (የወባ ተውሳክ) መቁጠር ነው፣ አንገት እስኪገነጠል።

የመጀመሪያው ባች (አንድ ዙር ዝግጅት) አስፈነደቀኝ። መድኃኒት ካልተሰጣቸው አይጦች ጋር ሲነጻጸር ፓራሳይቱ በጣም ወርዷል። አማካሪዬ ስላይዶቹን ዓይተው አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፦ «ድገሚው።» አዲስ ቅጠል ተሰብስቦ መጣ፣ ደገምኩት። ውጤቱ ወደቀ። እንደገና ሞከርኩ፣ መሃል ላይ ሆነ። ይኼ ከመጥፎ ውጤት ይብሳል። መጥፎ ከሆነ «አይሠራም» ብለህ ትጽፋለህ፣ ጥሩ ከሆነ «ይሠራል» ትላለህ፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ሲሆን ምን ተብሎ ይጻፋል? ጊዜውም ሄዷል፣ የጥናት ገንዘቡም እያለቀ ነው፣ የክፍሌ ልጆች መጻፍ ጀምረዋል። ርዕስ ልቀይር ጫፍ ላይ ደርሼ ነበር።

የቱ ዮዮን ታሪክ ቀድሞም አውቀው ነበር፣ ግን እንደ ተረት ነበር የማውቀው። ጥንታዊ መጽሐፍ ገለጡ፣ መድኃኒት አገኙ፣ ኖቤል ተሸለሙ፣ አለቀ። በዚያ ሰሞን ግን ራሳቸው ስለ ሥራቸው የጻፉትን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ታሪኩ ሌላ ነው።

ጊዜው የቬትናም ጦርነት የተፋፋመበት ነው። ጫካ ውስጥ ወታደሩን ከጥይት ባላነሰ የሚጥለው ወባ ነበር፣ በዚያ አካባቢ ያለው ፋልሲፓረም ደግሞ ለክሎሮኪን አልበገር ብሏል። ሰሜን ቬትናም ቻይናን እርዳታ ጠየቀች። ቻይናም በ1967 በአምስተኛው ወር በ23ኛው ቀን ምስጢራዊ ወታደራዊ ፕሮጀክት አቋቋመች፤ ከቀኑ ተወስዶ ፕሮጀክት 523 ተባለ። ችግሩ ወቅቱ የባህል አብዮት ዘመን መሆኑ ነው። አንጋፋ ሳይንቲስቶች ከሥራ ታግደዋል፣ በአደባባይ ተዋርደዋል፣ ወደ ገጠር ተግዘዋል። ስለዚህ በጃንዋሪ 1969 ቤጂንግ ያለው የቻይና ባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ሥራውን ሲቀበል፣ ቡድኑን እንዲመሩ የተመረጡት ገና 38 ዓመታቸው የነበረው ቱ ዮዮ ሆኑ።

ዶክትሬት የላቸውም። ውጭ ሀገር አልተማሩም። በ16 ዓመታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ ሕክምና ነክ ነገር ልማር ያሉት ከዚያ በሽታ ከዳኑ በኋላ ነው። ቤጂንግ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ፋርማሲ ነው (እዚህ ጋ ስደርስ ፈገግ ብያለሁ)። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል የቻይናን ባህላዊ ሕክምና ተምረዋል። እንግዲህ በአንድ እጃቸው የዘመኑን ኬሚስትሪ፣ በሌላው የአባቶችን ጽሑፍ የያዙ ሰው ነበሩ። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ሥራውን ላብራቶሪ ውስጥ አልጀመሩትም። የድሮ መጻሕፍት አገላበጡ፣ የባህል ሐኪሞችን ጠየቁ፣ ሰው የጻፈላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ሰበሰቡ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ቅመማዎች አገኙ። ከእነዚህ 640 ያህሉን መርጠው በአንድ ደብተር አሰናዱ። ከዚያ ነው ወደ ሙከራ የተገባው፤ ከ200 ገደማ ተክሎች ከ380 በላይ ኤክስትራክት አውጥተው አይጥ ላይ ሞከሩ። አብዛኛው ምንም አልሠራም። ቺንግሃው ተሞከረ፣ 68 በመቶ ያህል ፓራሳይቱን ያዘ። ደስ አላቸው። ደገሙት። ከ12 እስከ 40 በመቶ ወረደ።

እዚህ ጋ ስደርስ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። የእኔው ችግር ነው፣ ቁልጭ ብሎ። እሳቸው ግን ምን አደረጉ? ተክሉን ጣል አድርገው ወደ ሚቀጥለው መሄድ ይችሉ ነበር፣ ደብተሩ ገና ሞልቷል። እንዲያውም ለተወሰነ ጊዜ ወደ ሌሎች ተክሎች ሄደዋል። ቆይተው ግን ተመለሱና ጥያቄውን ገለበጡት። «ተክሉ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ትተው «እኛ ነን ወይ የምናበላሸው?» አሉ።

እንደገና መጻሕፍቱን ገለጡ። ጌ ሆንግ የሚባል ሐኪም በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን የቅመማ መጽሐፍ ጽፏል። እዚያ ውስጥ ስለ ቺንግሃው አንድ አጭር መስመር አለች። አንድ እፍኝ ወስደህ፣ ሁለት ሊትር በሚሆን ውኃ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጭማቂውን ሁሉ ጠጣ ትላለች። ብዙ ሰው አንብቧታል። ቱ ዮዮ ያዩት የሌለውን ነገር ነው፦ እሳት የለም። የቻይና ባህላዊ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ይቀቀላል፣ እዚህ ግን አልተቀቀለም። ሙቀቱ ይሆን እንዴ መድኃኒቱን የሚገድለው?

ስለዚህ ሙቀቱን ቀነሱ። በ35 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ፣ ኤተር የሚባል ማሟሚያ ተጠቀሙ። የወጣውንም ለሁለት ከፈሉት፤ መርዛማውንና ጥቅም የሌለውን አሲዳማ ክፍል አስወግደው ሌላውን አስቀሩ። ኦክቶበር 4 ቀን 1971 ናሙና ቁጥር 191 አይጦቹ ላይ ያለውን ፓራሳይት ሙሉ በሙሉ አጠፋ። መቶ በመቶ። ዝንጀሮዎች ላይም ሞከሩት፣ ያው ሆነ።

ደግሞ ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። መድኃኒቱ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው፣ ግንዱ ውስጥ አይደለም። የተቆረጠበት ወቅት ለውጥ ያመጣል። ቤጂንግ አካባቢ የሚበቅለው በጣም ትንሽ ነው ያለው፣ ሲቹዋን ያለው ይሻላል። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ነው የለዩት። «ቺንግሃው» የሚለው አንድ ስም ሥር የማይመሳሰሉ ብዙ ነገሮች ተቀላቅለው ነበር ማለት ነው። የሚወርድና የሚወጣው ውጤት ከዚህ ነበር የሚመጣው።

ወደ እኔ ልመለስ። ርዕስ መቀየሩን ተውኩና አንድ ሰንጠረዥ ሠራሁ። በእያንዳንዱ ባች ቅጠሉ ከየት መጣ፣ መቼ ተቆረጠ፣ አብቦ ነበር ወይስ ገና፣ ግንድ ተቀላቅሏል ወይ፣ ፀሐይ ላይ ነው የደረቀው ጥላ ውስጥ፣ ተፈጭቶ ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ ሮታሪው ስንት ዲግሪ ላይ ነበር። ግማሹን መሙላት አልቻልኩም፣ ቅጠሉን ያመጣው ሌላ ሰው ነውና። ስልክ ደወልኩ፣ ጠየቅኩ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ባች ከአንድ ወረዳ ቢመጡም አንዱ ከክረምት በፊት፣ ሌላው ከክረምት በኋላ የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ተነስቼ መጀመሪያ መረጃውን ወደሰጡን የባህል ሐኪም ሄድኩ። አባባ በጣም ትሑት ሰው ናቸው፣ ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉኝ። ባለፈው መጠይቅ ላይ የተጻፈው «ቅጠሉ ተፈጭቶ በውኃ ይጠጣል» ብቻ ነበር። አሁን ወረቀቱን አስቀመጥኩና «አባባ፣ ራስዎ ሲያዘጋጁት ልይ» አልኳቸው። ሲሠሩት ማየት ሌላ ነገር ነው። ቅጠል ሲቆርጡ አሮጌውን እያለፉ ለጋውን ብቻ ይመርጣሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ገረማቸው፤ «አሮጌው ምን ያደርግልሻል ልጄ?» አሉኝ። መጠይቃችን ላይ ይኼ ጥያቄ ስላልነበረ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሏቸው አልተናገሩም።

ለጋውን ቅጠል ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት ሰብስቤ፣ ጥላ ውስጥ አድርቄ፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርጌ ሠራሁት። ተአምር አልሆነም። መቶ በመቶ ቀርቶ ከመጀመሪያው ባች ጋር እንኳ ገና አልተስተካከለም። ግን ተደገመ። ሦስቱም ሙከራ ተቀራራቢ ሆነ። ሳይንስ ውስጥ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ጥናቴን መምህራን ፊት ሳቀርብ፣ ዲፌንስ ላይ፣ ያስመሰገነኝ የውጤቱ ትልቅነት አልነበረም፣ ለምን እንደሚለዋወጥ ማስረዳት መቻሌ ነበር።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ቅጠሉን ራሳችሁ ሰብስቡ። ካልቻላችሁ የሚሰበስብላችሁን ሰው ቀኑን፣ ቦታውንና የተክሉን ዕድሜ የሚያስጽፍ ቅጽ አስይዙት። የተክሉን ናሙና ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኖሪያ) አስገብታችሁ ቁጥር ውሰዱ፣ ይኼን ሁሉም ያውቃል ግን ሁሉም አያደርግም። ከባህል ሐኪሙ ስም ብቻ ይዛችሁ አትሩጡ፤ ከመቁረጥ እስከ ማጠጣት ያለውን ቁጭ ብላችሁ እዩ፣ ለሚሰጧችሁ እውቀትም በጥናቱ ውስጥ እውቅና ስጡ። የወደቀውን ባች ደግሞ ከደብተራችሁ አትቅደዱት። እኔን መንገድ ያሳየኝ የወደቀው ነው። የተሳካው ብቻውን ቢሆን ምንም አይነግረኝም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከእማማ ቱ አትቅዱ። ኤክስትራክቱ እንስሳት ላይ ሲሞከር አንዳንዶቹ ላይ የመርዛማነት ምልክት የመሰለ ነገር ታየ፣ ሰው ላይ መሞከር አለበት የለበትም ተብሎ ክርክር ተነሳ። የወባ ወቅት ካለፈ ደግሞ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። ስለዚህ በጁላይ 1972 እሳቸውና ሁለት ባልደረቦቻቸው ሆስፒታል ገብተው፣ በሐኪም ክትትል ራሳቸው ጠጡት። ምንም አልሆኑም። ከዚያ ነው ወደ ሃይናን ደሴት ወስደው 21 በሽተኞች ላይ የሞከሩት፤ ትኩሳቱ ወረደ፣ ፓራሳይቱ ከደም ጠፋ። ድፍረታቸውን አደንቃለሁ፣ ግን ያ ዘመን ሌላ ነበር። ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የሰው ሙከራ አለ። «እኔ ራሴ ጠጥቼ አየሁት» ያለኝ የላብራቶሪ ልጅ አለ። ጤነኛ ሰው ጠጥቶ አለመሞቱ ስለ ወባ ምን ይነግረናል?

ለፋርማሲስቶች ደግሞ በጣም የምወዳት ክፍል አለች። በ1973 ንጹሑን አርቴሚሲኒን በክኒን መልክ ሠርተው ወደ ሃይናን ላኩ፣ ውጤቱ ደካማ ሆነ። እንደገና ጭንቀት። ቱ ዮዮ ክኒኑን አስመጥተው ሲያዩት ክኒኑ በደንብ አይበታተንም፤ ጠንክሮ ተሠርቷል። መድኃኒቱን እንክብል (ካፕሱል) ውስጥ አድርገው ላኩት፣ ሠራ። ሰው ሁሉ ስለ ጥንታዊው መጽሐፍ ያወራል፣ እኔ ግን ይቺን ክኒን ነው ለተለማማጅ ተማሪዎቼ የምነግራቸው። መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ ክኒኑ መጥፎ ሊሆን ይችላል።

የሚያሳዝነውንም ልንገራችሁ። ፕሮጀክቱን ሲጀምሩ ባለቤታቸው ከቤጂንግ ርቆ ገጠር ተልኮ ነበር። ቱ ዮዮ ወደ ሃይናን ሲሄዱ ትልቋን ልጃቸውን፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናትን፣ አዳሪ መዋዕለ ሕፃናት አስገቡ። ትንሿን ኒንግቦ ከተማ ወደሚኖሩት ወላጆቻቸው ላኩ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለሱ ልጆቹ እናታቸውን አላወቋቸውም። እሳቸው ሥራው ይቀድም ነበር ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ይኼን ጀግንነት ብለው የሚያወድሱ አሉ። እኔ አልችልም። ልጅ ወልጃለሁ። ያንን ምርጫ እንዲመርጡ ያደረጋቸው ዘመንና መንግሥት ነው፣ «እሺ» ከማለት ሌላ ምን ነበራቸው? ስለዚህ ሴቶች እህቶቼ፣ ማስተርስ ከልጅ ጋር ከብዷችሁ ቢዘገይ፣ ከቱ ዮዮ ጋር አታወዳድሩት። እኔም እናቴ ከአርባ ምንጭ መጥታ ባትቀመጥልኝ አልጨርሰውም ነበር።

ጤናቸውም ተጎድቷል። ፋብሪካዎች ተዘግተው ስለነበር ብዙ ኤክስትራክት ለማውጣት ቤት ውስጥ ውኃ የሚጠራቀምበትን ትልቅ ጋን ተጠቀሙ። በኤተር የተሞላ ጋን፣ አየር በማይዘዋወርበት ክፍል። የቡድኑ ሰዎች ታመሙ፣ እሳቸውም ጉበታቸውን አመማቸው። ጋውንና ጓንት ሳይኖር «ምንም አይል» እያላችሁ ሜታኖል የምታፈሱ ልጆች፣ ኸረ ተው። መስኮት ክፈቱ ቢያንስ።

«ብቻቸውን አይደለም የሠሩት» የሚል ክርክር አለ፣ እውነትም ነው። በፕሮጀክት 523 ብዙ ተቋማትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሠርተዋል። የዩናንና የሻንዶንግ ቡድኖች መድኃኒቱን ራሳቸው ችለው ለይተዋል፣ ትልልቆቹን የሕሙማን ሙከራዎች የመሩትም ሌሎች ናቸው። በ1977 የወጣው የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ የማንም ሰው ስም የለም፣ የቡድን ስም ነው ያለው። ዓለም ቱ ዮዮን በደንብ ያወቃቸው በ2011 የላስከር ሽልማት ሲሰጣቸው ነው፣ 80 ዓመት አልፏቸው። የእኔ አስተያየት ይኼ ነው፦ ቺንግሃውን ወደ ፕሮጀክቱ ያመጡት፣ በሙሉ አቅሙ የሚሠራውን ኤክስትራክት መጀመሪያ ያወጡት፣ መጀመሪያ በሽተኛ ላይ የሞከሩት የእሳቸው ቡድን ነው። ይኼ ይበቃል። የሌሎቹም ስም ቢነሳ የእሳቸው አይቀንስም። (የ2015ቱን ኖቤል ሌላ ግማሽ የወሰዱት ካምቤልና ኦሙራም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በሀገራችን ምዕራባዊ ወረዳዎች ዓይን ለሚያጠፋው ለኦንኮሰርካ በሽታ በዘመቻ የሚታደለው አይቨርሜክቲን የእነሱ ሥራ ፍሬ ነው።)

ዶክትሬት የለኝም ብላችሁ ለምትቀመጡት፣ እሳቸው ኖቤል ሲሸለሙም ዶክትሬት አልነበራቸውም፣ የሀገራቸው የሳይንስ አካዳሚ አባልም አልነበሩም። ይኼን ስል «ትምህርት አያስፈልግም» ማለቴ አይደለም፣ ፋርማሲውንም ባህላዊ ሕክምናውንም ጠንቅቀው ተምረዋል። የምለው፣ ጤና ጣቢያ ተቀምጠህ የምታየውን ነገር መመዝገብ ለመጀመር የማንም ፈቃድ ደብዳቤ አያስፈልግህም ነው። የትኛው መድኃኒት ተመላሽ በሽተኛ እንደሚበዛበት፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ቀበሌ። ስማቸውን ሳትጽፍ። የእኔ የማስተርስ ርዕስ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ደብተር ነው።

አሁን ወደ አሪቲው። በኮቪድ ጊዜ የአርቴሚዥያ (ቺንግሃውና አሪቲ ያሉበት የተክል ወገን) ሻይ ወሬ ሲነዛ፣ ፋርማሲ መጥተው «ኮአርተም ከዚህ ተክል ከሆነ ለምን ራሱን አፍልተን አንጠጣም?» የሚሉኝ በዙ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ከላይ ያለው ታሪክ ውስጥ አለ። በሻይ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ትንሽ ነው፣ ከቅጠል ቅጠል፣ ከአፈላል አፈላል ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወባ በሻይ መልክ መጠጣቱን አይመክርም። ትንሽ መጠን ፓራሳይቱን አይጨርሰውም፣ ያለማምደዋል እንጂ። አሪቲና ጭቁኝ ደግሞ የቺንግሃው ዘመድ ናቸው እንጂ ያው አይደሉም። ሕፃን ልጅ ያተኮሰው ቤት ውስጥ ሻይ ሲፈላ የሚጠፋው ሰዓት ነው የሚያስፈራኝ፣ ፋልሲፓረም አይጠብቅም።

መላመዱ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አርቴሚሲኒንን በከፊል የሚቋቋም ፓራሳይት ከታየ ቆይቷል። በሀገራችንም በሰሜኑ ክፍል እንዲህ ያለ ለውጥ ያለበት ዝርያ ተገኝቷል። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ የምለውን እዚህም ልበለው። አዋቂ ሰው የሚወስደው ኮአርተም 24 ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ አራት፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ የቀረውን ለጎረቤት ማስቀመጥ የለም። የልጆች መጠን በክብደት ነው፣ በግምት አይከፈልም። የመጀመሪያ ሦስት ወር እርጉዝ ከሆናችሁ ለባለሙያው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከዋጣችሁ ብዙም ሳይቆይ ካስመለሳችሁ ዝም አትበሉ፣ ተመለሱና ንገሩን።

ደግሞ በባዶ ሆድ አይደለም። ሉሜፋንትሪን ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ካገኘ ነው። ወረቀቱ ላይ ወተት ይላል። በጾም ጊዜ ታዲያ እናቶች ይጨነቃሉ፤ «ወተት አልነካም፣ ምን ላድርግ ልጄ?» ይሉኛል። ዘይት የገባበት ሽሮ ይሆናል፣ ኦቾሎኒ ይሆናል፣ የኑግ ወይም የሰሊጥ ውኃም ጥሩ ነው። ብቻ ትንሽ ነገር ቀመስ አድርጋችሁ ዋጡት።